አንዲት ኪሎ

(የመግቢያ ሙዚቃ። ከፍ ብሎ ይሰማል፤ አቅራቢዋ ስትጀምር ቀስ እያለ ይወርዳል።)

በሎጊያ፣ በሰመራ፣ በዱብቲ፣ በአሳይታ፣ በሚሌ፣ በአዋሽ ዳርና ዳር የምትኖሩ ሁሉ፤ የከባድ መኪናችሁን ሬዲዮ ከፍታችሁ ወደ ጋላፊ የምታቀኑ ሾፌሮችም ጭምር፣ ስሙኝማ።

ወደ ዛሬው ጉዳያችን ሳልገባ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቤት ውስጥ ዱላ አለ? የመጥረጊያ እጀታ ወይም ቀጥ ያለ ቀላል እንጨት? በተለይ እናንተ ልጃገረዶች፣ ፈልጉና አጠገባችሁ አስቀምጡልኝ። ትንሽ ቆይተን እንሠራበታለን።

(አጭር ፋታ።)

ሎጊያን በማለዳ ያየ ሰው የምናገረውን ያውቀዋል። ሙቀቱ ገና ሳይበረታ፣ መንገድ ዳር ያደሩት ተሳቢዎች ሞተር ሲያስነሱ፣ ሻይ ቤቶች እሳት ሲያያይዙ፣ ልጃገረዶች ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለው ወደ ቦኖ ይሄዳሉ። ሲሄዱ ጀሪካኑ ባዶ ነው፤ ያወዛውዙታል፣ ይሳሳቁበታል። ሲመለሱ ሳቁ ይቀንሳል። አንገት ወደ ፊት ዘንበል፣ እርምጃም አጠር ይላል።

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ እንግዲህ 20 ኪሎ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ሙሉ ጀሪካን፣ 20 ኪሎ። ዛሬ መለኪያችን ጀሪካንና ኩንታል ይሆናሉ።

ከከተማው ወጣ ብላችሁ ደግሞ አስቡ። የአፋር እናት ዳቦይታዋን፣ ጎጆዋን ማለቴ ነው፣ ራሷ ታቆማለች፤ ራሷ ትነቅላለች። ቤተሰቡ ወደ ሌላ ግጦሽ ሲነሳ ሰሌኑን ጠቅልላ፣ እንጨቱን አስራ ግመል ላይ የምትጭነው እሷ ናት።

እነዚህ ሴቶች ጉልበት አላቸው ወይስ የላቸውም? ይህን ማንም ይመልሰዋል። አላቸው። የሚከብደው ሁለተኛው ጥያቄ ነው፦ ይህ ጉልበት ለሴት ልጅ ሙያ ሊሆናት ይችላል? ስሟ የሚጠራበት፣ እንጀራ የምትበላበት፣ አገር የምታስጠራበት ሙያ?

ይችላል። ዛሬ የማወራላችሁ በትክክል እንዲህ ስለሆነላት አንዲት አፍሪካዊት ነው። ስሟ ሣራ ሳሚር ይባላል። ግብጻዊት ናት፤ የስዌዝ ቦይ ካለበት ከኢስማዒሊያ። ሥራዋ ክብደት ማንሳት ነው።

(ድምፅ፦ ከባድ ብረት ወለል ላይ ሲያርፍ።)

ሰማችሁት? ይህ ድምፅ ስታንጋ፣ ማለትም የሚነሳው ብረት፣ መድረክ ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ነው። ሣራ በሕይወቷ ስንት ሺህ ጊዜ ሰምታው ይሆን!

ስለ ሣራ ከመናገሬ በፊት ስፖርቱን እንተዋወቀው። በሬዲዮ ማሳየት አልችልም፤ ዱላውን ያስመጣኋችሁም ለዚሁ ነው። በሉ ተነሡ። ዱላውን መሬት ላይ፣ ከእግራችሁ ፊት አግድም አስቀምጡት።

ስፖርቱ ሁለት ዓይነት ማንሳት አለው። የመጀመሪያው ስናች ይባላል። ጉልበታችሁን አጥፋችሁ፣ ጀርባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ዝቅ በሉ። ዱላውን በሰፊው፣ እጅ ከእጅ አራርቃችሁ ያዙት። አሁን በእግራችሁ መሬቱን ግፉና ተነሡ፤ ዱላው ሳያርፍ በአንድ ትንፋሽ ከራስ በላይ ይውጣ። ክንድ ይዘርጋ፤ ክርን አይጠፍ። ይኸው ነው ስናች። ከመሬት ተነጥቆ ቀጥታ ወደ ሰማይ።

ሁለተኛው ክሊን ኤንድ ጀርክ ነው። ይህ ሁለት እርምጃ አለው። መጀመሪያ ዱላው ከመሬት ተነስቶ ትከሻ ላይ ያርፋል። ትቆማላችሁ። ትተነፍሳላችሁ። ከዚያ ጉልበት ጥቂት ዝቅ ብሎ ይገፋል፤ አንድ እግር ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ይሄድና ዱላው ከራስ በላይ ይወጣል። እግሮቻችሁን መልሳችሁ ገጥማችሁ ቀጥ ብላችሁ ትቆማላችሁ። ዳኛው «አውርዱ» እስኪል ንቅንቅ የለም።

ልብ አላችሁ? ክንዳችሁ ብዙም አልሠራም። የሠራው እግርና ዳሌ ነው። ልምድ ያለው ጫኝና አውራጅ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ኬሻ ሲያነሳ ጉልበቱን አጥፎ ከሥር ይገባል እንጂ ወገቡን አጎንብሶ አይጎትትም። ክብደት አንሺዋም ከዚህ የራቀ ነገር አትሠራም። ብረቱን በእግሯ ኃይል ወደ ላይ ታስፈነጥረዋለች፤ ገና በአየር ላይ እያለ እሷ ከሥሩ ትገባለች። ጊዜው ከሰከንድ ያነሰ ነው። ፍጥነት ያስፈልጋል፣ ድፍረትም ያስፈልጋል። ሰዎች ይህን ስፖርት የጉልበት ብቻ አድርገው ሲያዩት ቅር ይለኛል፤ ከዳንስ የማይተናነስ ቅንጅት አለውና።

የሴቶች ስታንጋ ባዶውን 15 ኪሎ ነው፤ የወንዶቹ 20። የሴቶቹ ለመያዝ እንዲያመች ትንሽ ቀጠን ይላል። በሁለቱ ጫፎች ዲስክ ይገባል። ቀዩ 25 ኪሎ፣ ሰማያዊው 20፣ ቢጫው 15፣ አረንጓዴው 10። በእያንዳንዱ ዓይነት ሦስት ሦስት ሙከራ አለ። ከስናች ምርጡ፣ ከክሊን ኤንድ ጀርክ ምርጡ ይደመራሉ። አሸናፊዋን የሚለየው ድምሩ ነው። ሦስት ዳኞች ይፈርዳሉ፤ ሁለቱ ነጭ መብራት ካበሩ ማንሳቱ ጸደቀ። ተወዳዳሪዎቹ የሚመደቡት በሰውነት ክብደታቸው ነው፤ ቀጭኗ ከቀጭን፣ ወፍራሟ ከወፍራም ትገናኛለች።

ዱላውን አስቀምጡት፤ ግን አትመልሱት።

(ሙዚቃ፤ አሥር ሰከንድ።)

የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ነሐሴ 4 ቀን 2008፣ ሪዮ ዴ ጃኔሮ፣ ብራዚል። የኦሊምፒክ ውድድር ነው፤ ምድቡ እስከ 69 ኪሎ የሚመዝኑ ሴቶች። ከዋንኞቹ ተወዳዳሪዎች አንዷ የ18 ዓመት ልጅ ናት። ፀጉሯን ሸፍናለች፤ ክንዷና እግሯም ተሸፍኗል። ሣራ ናት።

በስናች 112 ኪሎ አነሳች። ስንት ማለት ነው? አንድ ኩንታል ጤፍ፣ ከላዩ 12 ኪሎ ተጨምሮበት። ይህን በአንድ ትንፋሽ ከመሬት ወደ ራሷ በላይ!

በክሊን ኤንድ ጀርክ 143 ኪሎ አነሳች። አሁን ጀሪካኑን አስታውሱት። አንድ ኩንታል፣ ሁለት ሙሉ ጀሪካን ውሃ፣ ተጨማሪ ሦስት ኪሎ። እሷ ራሷ 70 ኪሎ አትሞላም። የራሷን ሁለት እጥፍ ነው ከራሷ በላይ ያቆመችው።

ድምሯ 255 ኪሎ ሆነ። ከቻይናዊቷና ከካዛኪስታኗ ቀጥላ ሦስተኛ ወጣች፣ ነሐስ ተሸለመች። ከግብጽ ሴቶች በኦሊምፒክ የሽልማት ሰገነት ላይ የቆመች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። የግብጽ ወንዶች በዚህ ስፖርት የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኙት በ1920 በአምስተርዳም ነበር። በመካከሉ 88 ዓመት አለ።

ሴቶቹ ለምን ዘገዩ? ሰነፉ እንዴ? በሩ ተዘግቶ ነው። የዘመናችን ኦሊምፒክ በአቴንስ ሲጀመር ክብደት ማንሳት ነበረ፤ ዓመቱ 1888 ነው፣ የዓድዋው ዓመት። ለሴቶች የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና የተዘጋጀው በ1980 በአሜሪካ ነው። በኦሊምፒክ ክብደት ማንሳት ለሴቶች የተፈቀደው ደግሞ መስከረም 1993፣ በሲድኒ። ከአቴንስ እስከ ሲድኒ አንድ መቶ ዓመት አልፎ!

(አጭር ፋታ።)

የሣራ ሽልማት ያለ ዋጋ አልመጣም። ለሪዮ ስትዘጋጅ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዋ አመለጣት። እስቲ እናንተን ልጠይቅ፤ የእናንተ ልጅ ብትሆን ምን ትመርጡ ነበር? ፈተናውን ወይስ ውድድሩን?

እኔ ይህን ጥያቄ ለልጅቷ መተው ግፍ ይመስለኛል። ፈተና በሌላ ቀን ሊሰጥ ይችላል። መምህርና አሠልጣኝ ተቀምጠው ቢነጋገሩ የብዙ ልጆች መንገድ ይቃናል። አንዲት ልጅ ከስፖርት ሜዳ ስትመለስ ያመለጣትን ትምህርት ማታ የምታስረዳት አንዲት ጓደኛ፣ ፈተናውን ለሳምንት የሚያቆይላት አንድ ርዕሰ መምህር ካላት ሁለቱንም ይዛ መሄድ ትችላለች። በእኛ አካባቢማ በ18 ዓመቷ ትዳር ውስጥ ገብታ ልጅ ያቀፈችው ብዙ ናት። ስፖርት የሚፈልገው እነዚያኑ ዓመታት ነው።

አሁን ወደ አለባበሷ ልመለስ፤ ብዙዎቻችሁ በልባችሁ የያዛችሁት ጥያቄ እሱ መሆኑን አውቃለሁና። ሣራ ሒጃቧን ለብሳ እንዴት ተፈቀደላት?

ቀድሞ አይፈቀድም ነበር። ደንቡ ክርንና ጉልበት እንዲታይ ያዝዝ ነበር። ምክንያትም ነበረው፤ ዳኛው ክርን ሙሉ በሙሉ መዘርጋቱን በዓይኑ ማረጋገጥ አለበት። ኩልሱም አብዱላህ የምትባል ከፓኪስታን ቤተሰብ የተገኘች አሜሪካዊት በዚህ ደንብ የተነሳ ከብሔራዊ ሻምፒዮና ተከለከለች። እሷ ግን ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ጻፈች፣ አስረዳች፣ ተከራከረች። በ2003 ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ደንቡን ቀየረ፦ መላ ሰውነትን የሚሸፍን፣ የክርኑን መዘርጋት የማይደብቅ፣ ሰውነት ላይ ልክክ ያለ ልብስ ከውድድር ልብሱ ሥር መልበስ ይቻላል። ዳኛው የሚፈልገውን አየ፤ ልጅቷም እምነቷን ጠበቀች። በዚያው ዓመት ኩልሱም ለውድድር ቀረበች።

እንግዲህ አድማጮቼ፣ አባቶችና እናቶች፣ ይህን ደግሜ ልናገረው፦ ሰውነቷን ሸፍና በክብደት ማንሳት መወዳደር ዛሬ በዓለም ደንብ የተፈቀደ ነው። ኩልሱም በከፈተችው በር ሣራ ገባች፤ ገብታም ሜዳልያ ይዛ ወጣች።

(ሙዚቃ፤ ጥቂት ሰከንድ፤ ይወርዳል።)

ቀጥሎ ያለው ክፍል ያማል።

ከሪዮ በኋላ ሁሉም ሣራን ቶኪዮ ላይ ጠበቃት። ሣራ ቶኪዮ አልታየችም። ጉዳት አልደረሰባትም፣ አልሰነፈችም። የግብጽ ክብደት ማንሳት ታግዶ ነበር። ወጣት አንሺዎች በአበረታች መድኃኒት ተገኝተው፣ ቅጣቱ በፌዴሬሽኑ ላይ ሲያርፍ የአገሪቱ አንሺዎች በሙሉ ቀሩ። ጥፋቱ የሣራ አልነበረም። ጫፍ ላይ ያለች አንሺ አራት ዓመት ሠርታ የምትጠብቀው አንድ ቀን ነው፤ ያ ቀን ሌሎች ባጠፉት ተወሰደባት።

የሌላዋም ግብጻዊት ታሪክ ከዚህ ጋር ይሄዳል። አቢር አብደልራህማን ትባላለች። በ2004 ለንደን ኦሊምፒክ አምስተኛ ወጣች። አምስተኛ የወጣን ሰው ማን ያስታውሳል? ወደ አገሯ ተመለሰች። ከዓመታት በኋላ የተቀመጠው ናሙና በአዲስ ዘዴ እንደገና ሲመረመር ፊቷ ከነበሩት አራት ሴቶች ሦስቱ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት፣ አበረታች መድኃኒት ወስደው ተገኙ። ስፔናዊቷ ሊዲያ ቫለንቲን የወርቁ ባለቤት ሆነች፤ አቢር የብሩ፤ ስድስተኛ የነበረችው ካሜሩናዊት ማዲያስ ንዜሶ የነሐሱ። ያኔ ግን ሰገነቱ የለም፤ መዝሙሩ የለም፤ የሚያጨበጭበው ሕዝብ ወደየቤቱ ከሄደ ቆይቷል። ይህ ስርቆት ነው። ሌላ ስም የለውም።

ስለዚህ ለእናንተ ለወጣቶቹ፦ በጂም ጥግ፣ በሱቅ ጀርባ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዱቄት ወይም ኪኒን ወይም መርፌ የሚያቀርብላችሁ ካለ ራቁት። ስቴሮይድ የሚባለው ሆርሞን የሴት ልጅን ድምፅ ያጎረንናል፣ የወር አበባዋን ያዛባል፣ ጉበትና ልብን ይጎዳል። ከተለወጠው አንዳንዱ፣ ለምሳሌ ድምፅ፣ መድኃኒቱን ብታቆሙም ላይመለስ ይችላል።

(አጭር ፋታ።)

ሣራ ምን አደረገች? ጠበቀች። ስትጠብቅም መሥራቷን አላቆመችም። ሰውነቷም እያደገ፣ እየጠነከረ ሄደ፤ ከ69 ኪሎ ምድብ ወደ 76 ወጣች። በ2015 በኮሎምቢያ ቦጎታ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች።

ከዚያ ፓሪስ መጣ። ቀኑን ስሙልኝ። ነሐሴ 4 ቀን 2016። ሪዮ ላይ ነሐስ ያገኘችበት ቀን የትኛው ነበር? ነሐሴ 4፣ 2008። ልክ ስምንት ዓመት፣ ከቀኑ ሳይዛነፍ! ያኔ 26 ዓመቷ ነበር፤ ምድቧ 81 ኪሎ።

በስናች 117 አነሳች። የኢኳዶሯ ኔይሲ ዳሆሜስ 122 አነሳች። ሣራ በአምስት ኪሎ ወደ ኋላ ቀረች። በዚህ ደረጃ አምስት ኪሎ ብዙ ነው።

በክሊን ኤንድ ጀርክ ግን 151 ኪሎ ከራሷ በላይ አቆመች። ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ፣ ከላዩ አንድ ኪሎ። ኔይሲ 145 ላይ ቆመች። ደምሩት። ሣራ 268፤ ኔይሲ 267።

በአንድ ኪሎ! ከሱቅ የምንገዛትን አንዲት ኪሎ ስኳር በእጃችሁ ያዙና አስቡት። የብርና የነሐስ ልዩነት እሷ ነበረች። ወርቁን በ275 ኪሎ የወሰደችው የኖርዌይዋ ሶልፍሪድ ኮአንዳ ናት፤ አባቷ ከአይቮሪ ኮስት ናቸው። ከእሷ ሥር፣ ከነሐስ ወደ ብር ከፍ ብላ፣ የኢስማዒሊያዋ ልጅ ቆመች።

ይህች አንዲት ኪሎ በዚህ ስፖርት ደጋግማ ትመጣለች። ሲድኒ ላይ፣ ሴቶች ገና በተፈቀደላቸው ዓመት፣ በ75 ኪሎ ምድብ ሦስት ሴቶች እኩል 245 ኪሎ አነሱ። አንዲት ኪሎም አልተበላለጡም። ያኔ በነበረው ደንብ እኩል ሲሆን በሰውነቷ የምትቀለው ትቀድም ነበርና ወርቁ ለኮሎምቢያዊቷ ማሪያ ኢዛቤል ኡሩቲያ ሆነ። ሁለተኛዋ ማን ነበረች? የናይጄሪያዋ ሩት ኦግቤይፎ። ልብ በሉ፤ ሴቶች በተፈቀደላቸው በመጀመሪያው ኦሊምፒክ አፍሪካዊት እዚያ ነበረች።

ቶኪዮም እንዲሁ። ሐምሌ 19 ቀን 2013 ፊሊፒናዊቷ ሂዲሊን ዲያዝ 224 ኪሎ አነሳች፤ ቻይናዊቷ ተፎካካሪዋ 223። በአንዲት ኪሎ ፊሊፒንስ በ97 ዓመት የኦሊምፒክ ታሪኳ የመጀመሪያውን ወርቅ አገኘች።

ስለ ሂዲሊን ትንሽ ልቆይ፤ ታሪኳ ሎጊያን ያስታውሰኛል። ያደገችው ዛምቦአንጋ በምትባል ከተማ፣ በድሃ ቤት ነው። በልጅነቷ ለቤተሰቧ ውሃ ትቀዳ ነበር። መጀመሪያ የተለማመደችበት ስታንጋ የፕላስቲክ ቱቦ ሲሆን፣ ዲስኩም በአሮጌ ጣሳ ውስጥ የተሞላ ሲሚንቶ ነበር። ይህን ስሰማ ሳቅሁ፤ በየከተሞቻችን የሰፈር ልጆች የብረት ቧንቧ ጫፍና ጫፉን በቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልተው ሲያነሱ ያላየ አለ?

ሂዲሊን በ17 ዓመቷ ቤጂንግ ሄደች፤ ሜዳልያ አላገኘችም። ለንደን ሄደች፤ በክሊን ኤንድ ጀርክ ሦስቱም ሙከራዋ ከሸፈ፣ ያለ ውጤት ተመለሰች። ሪዮ ላይ ብር አገኘች። ለቶኪዮ ስትዘጋጅ ኮሮና መጣና ማሌዢያ ላይ መንገድ ተዘጋባት፤ ጂሙም ተቆለፈ። ምን አደረገች? ሁለት የውሃ መያዣ ሞልታ በቀርከሃ እንጨት ጫፍና ጫፍ አንጠለጠለች። ያንን አነሳች። ከቤጂንግ እስከ ቶኪዮ 13 ዓመት ነው።

(ሙዚቃ፤ ለስለስ ያለ፤ ከንግግሩ ሥር።)

አሁን የእናንተን ጥያቄዎች ልገምት።

«ሴት ልጅ ብረት ካነሳች ወንድ አትመስልም?» አትመስልም። ወንድን ያንን ሁሉ ጡንቻ የሚያበቅልለት ሆርሞን በሴት ሰውነት ውስጥ በጣም ጥቂት ነው። ትጠነክራለች፣ አጥንቷ ይጸናል፤ መልኳ የራሷ ነው።

«ቁመት አያሳጥርም?» አያሳጥርም፤ በአሠልጣኝ፣ በልክና በሥርዓት ከሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ቢያንስ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲሠሩ ይመክራል። ያ ማለት ልጅ ላይ ኩንታል መጫን አይደለም። መዝለል፣ መውጣት፣ ቁጭ ብድግ፣ ቀላል ክብደት።

«ማኅፀን አይጎዳም?» ይህ በቁም ነገር መመለስ ያለበት ነው። ገና የወለደች እናት ከባድ ነገር ማንሳት የለባትም፤ ወደ ልምምድ ከመመለሷ በፊት የጤና ባለሙያ ታማክር። እዚህ ላይ እናት ውሃ እንዳትቀዳ የሚከለክላት ሰው ግን አልሰማሁም! በወለደች በሳምንቷ ጀሪካን የተሸከመችን ሴት ዝም ብለን አይተን፣ በአሠልጣኝ እጅ ጥቂት በጥቂት የምትሠራን ጤነኛ ልጃገረድ ስለ ማኅፀኗ እናስፈራራታለን። ጀሪካን በየቀኑ እኩል ይከብዳል፤ ልጅቷ ብትደክም፣ ቢያማት፣ ቢርባት ያው 20 ኪሎ ነው። አሠልጣኝ ግን ይጠይቃታል፤ ዛሬ እንዴት ነሽ? ተኝተሻል? በልተሻል? ደክሟት ከሆነ ዲስክ ይቀንስላታል። በሸክምና በልምምድ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ለእኔ ይህ ነው።

ታዲያ ሎጊያ ላይ ያለች ልጅ ከየት ትጀምር? ከዱላው። ቀልዴን አይደለም። በዓለም ያሉ ጥሩ አሠልጣኞች ጀማሪን የሚያስይዙት እንጨት ነው። ጀርባ ቀጥ፣ ጉልበት ወደ ውጭ፣ ክርን የተዘረጋ መሆኑ እስኪለመድ ድረስ ብረት አይነካም። ከዚያ ባዶ ስታንጋ። ከዚያ ትንሽ ዲስክ። ኪሎ በኪሎ ነው የሚወጣው፤ ዛሬ ጀምራ ነገ ኩንታል ያነሳች የለችም።

የእኛን ሙቀት አትርሱ። ቀትር ላይ መልመድ በሎጊያ አይታሰብም። ንጋት ላይ፣ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ይሁን። ውሃ በየመካከሉ ጠጡ። ራስ ከዞረ፣ ማቅለሽለሽ ከመጣ ወዲያው አቁሙ፤ ወደ ጥላ። በረመዳን ልምምዱ ከኢፍጣር በኋላ ሆኖ ቀለል ቢል ጥሩ ነው። እንጀራም ሆነ ወተት ሳይጠግቡ ክብደት ማንሳት ሰውነትን መብላት ነው፤ የግመል ወተት ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ።

ለስፖርት መምህራን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። አገራችን በሩጫ የታወቀች ናት፤ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስትወስድ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ ነበረች። ከደራርቱ በፊት ሴት ልጅ ሮጣ አገር ታስጠራለች ብሎ ያመነ ስንቱ ነበር? ክፍላችሁ ውስጥ ለሩጫ የማትመች፣ አጠር ያለች፣ እግሯ ጠንካራ፣ ሁልጊዜ ጨዋታ ስትመርጡ የምትቀር ልጅ ትኖራለች። ለእሷ የሚሆን ስፖርት እንዳለ ንገሯት። ክብደት ማንሳት አጭርና ጠንካራ ሰውነትን ይወዳል።

(ሙዚቃው ትንሽ ከፍ ይላል፤ እንደገና ይወርዳል።)

ሰዓታችን እያለቀ ነው። ዱላው አሁንም አጠገባችሁ ነው? አንሡት።

እግር በዳሌ ስፋት። ጉልበት ይታጠፍ። ጀርባ ቀጥ። ዓይን ወደ ፊት እንጂ ወደ መሬት አይሁን። ያዙት፤ እጅ ከእጅ ይራቅ። ተንፍሱ... ተነሡ! ከራስ በላይ። ክርን ይዘርጋ። አትነቃነቁ። አንድ... ሁለት... ሦስት።

ቀስ ብላችሁ አውርዱት። ነገ ጠዋት ከቦኖ ስትመለሱ፣ ጀሪካኑን አስቀምጣችሁ ካረፋችሁ በኋላ፣ አምስት ጊዜ ብቻ ድገሙት። በሚቀጥለው ሳምንት ስንገናኝ ስንቶቻችሁ እንደደገማችሁት እጠይቃችኋለሁ። ዱላውን ከበሩ ጀርባ፣ በቀላሉ በምታገኙት ቦታ አቁሙት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ። ከሥሩ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስታንጋ ወለል ላይ ሲያርፍ ይሰማል።)